ስኮላርሺፑን ተዉት፣ የሚቀረውን ቁጠሩ

ሀዋሳ ውስጥ ሰው በማታ ደብተር ይዞ ቤትህ ከመጣ ወይ የዕድር ነው ወይ የዕቁብ። ባለፈው ሰሞን ጎረቤቴ ይዞት የመጣው ግን ሌላ ሒሳብ ነበር። ልጁ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። አሜሪካ ካሉ ሦስት ኮሌጆች «ተቀብለንሻል» ተብላለች፣ ሦስቱም ጋ ኢኮኖሚክስ ልትማር። ደብተሩ ላይ ሦስት ቁጥር በትልቁ ተጽፏል፦ 45,000፣ 41,000፣ 12,000። የመጀመሪያው ሁለት ጊዜ ተከቧል።

«ይቺ ናት አይደል?» አለኝ ጣቱን ክቡ ላይ አድርጎ። «አንተ ይሄን ነገር ተምረኸዋል ብዬ ነው።»

አዎ፣ ተምሬዋለሁ። (ኢኮኖሚክስ የገባሁት «ባንክ ቤት ያስቀጥራል» ተብዬ መሆኑን አልነገርኩትም።) ግን ለዚህ ጥያቄ የኢኮኖሚክስ ምሩቅ አያስፈልግም፣ መቀነስ የሚችል ሰው ይበቃል። ችግሩ ደብዳቤዎቹ ለመቀነስ በሚመች መንገድ አይጻፉም። እንኳን ደስ አለሽ የሚለው በደማቁ ነው፣ የተሰጠው ስኮላርሺፕ በደማቁ ነው፣ ቤተሰቡ ከኪሱ የሚያወጣው ግን ወይ ከታች በደቃቃ ፊደል ነው ወይ ጭራሽ የለም። እልልታው የሚቀልጠው በተሰጠው ቁጥር ነው። መስከረም ላይ ቢል ሆኖ የሚመጣው ግን ያልተሰጠው ነው።

ስለዚህ ደብተሩን ተቀበልኩትና ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ ሌላ ቁጥር ጻፍኩ። አሜሪካ ያሉ ኮሌጆች በሙሉ ማለት ይቻላል የዓመቱን ጠቅላላ ወጪ አስልተው ያወጣሉ። ትምህርቱ፣ ዶርሙ፣ ምግቡ፣ መጽሐፉ፣ የጤና ኢንሹራንሱ፣ የኪስ ገንዘቡ፣ ሁሉም አንድ ላይ። ድረ ገጻቸው ላይ ይገኛል፣ ልጅቷ በስልኳ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሦስቱንም አወጣችልን። 45,000 የሰጠው ትልቅ ከተማ ውስጥ ያለ ስመ ጥር የግል ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ጠቅላላ ወጪው 84,000 ዶላር ነው። 12,000 የሰጠው በጣም ሰፊ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ወጪው 48,000። 41,000 የሰጠው ስሙን ማናችንም ሰምተነው የማናውቅ ትንሽ ኮሌጅ ነው፣ አካባቢው የበቆሎ እርሻ ነው መሰለኝ፣ ወጪው 46,000።

ቀንሱ። ስመ ጥሩ ጋ 39,000 ይቀራል። የመንግሥቱ ጋ 36,000 ይቀራል። የበቆሎ እርሻው ጋ 5,000።

ክብ ውስጥ ያለው ቁጥር ትልቁ ስኮላርሺፕ ነው፣ ትልቁ ዕዳም እሱው ነው። አባትየው ትንሽ ዝም ብሎ «ታዲያ ለምን አይሉንም?» አለ።

ይሄ ገንዘብ ደግሞ በዶላር ነው፣ የእሱ ገቢ በብር። በሐምሌ 2016 ዶላር በገበያ ዋጋ እንዲሸጥ ከመወሰኑ በፊት ባንክ ቤት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ዓመት ሳይሞላው 130ን አለፈ። 5,000 ዶላር ያኔ 285,000 ብር ነው። ዛሬ ዶላሩን በ150 ብናስበው 750,000 ይሆናል። ኮሌጁ አንድ ሳንቲም ሳይጨምር ማለት ነው። 39,000ውንማ ተዉት፣ በዓመት ከ5.8 ሚሊዮን ብር በላይ ነው፣ ያውም አራት ዓመት። የሀዋሳ መሬት ሸጦ አንድ ዓመት ያስተማረ ሰው በሁለተኛው ዓመት ምን ሊሸጥ ነው? አንድ ዓመት ተምሮ መመለስ ደግሞ ጭራሽ ካለመሄድ ይከፋል፣ ገንዘቡም ሄዷል፣ ዲግሪውም የለም።

እዚህ ላይ ሰዉ ሁሌ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፦ «እዚያ እየሠራች አትከፍልም?» አትከፍልም። በተማሪ ቪዛ የገባ ልጅ ትምህርት በሚሰጥበት ጊዜ መሥራት የሚፈቀድለት በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው፣ ያውም ግቢው ውስጥ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ከግቢ ውጪ መሥራት የሚባል ነገር የለም። ላይብረሪ ውስጥ በሳምንት 10 ሰዓት፣ በሰዓት 12 ዶላር፣ 30 ሳምንት ሠራች እንበል፣ 3,600 ዶላር ነው። ጥሩ የኪስ ገንዘብ ነው፣ ለሻምፑ፣ ለስልክ፣ ለጃኬት ይሆናል። 39,000 ላይ ግን ምንም አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት ለራሱ ዜጎች የሚሰጠው የትምህርት ድጎማና ብድርም ለውጭ ተማሪ አይሰጥም። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ አምኸርስትና ጥቂት ሌሎች የውጭውንም ተማሪ የቤተሰብ አቅም ሳያዩ ተቀብለው የጎደለውን በሙሉ ይሸፍናሉ። ከቀሩት አብዛኞቹ አይሸፍኑም፣ ሲቀበሉህ «እንፈልግሃለን» እንጂ «እንከፍልልሃለን» ማለታቸው አይደለም።

እንግዲህ ሁለቱ በመቀነስ ብቻ ወደቁ። የቀረችው የ5,000ዋ ናት። አባትየው ደብተሩን ሊዘጋ ሲል ቆይ አልኩት፣ ምክንያቱም ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ 5,000 ሲባል በአራት ተባዝቶ 20,000 ይመስላቸዋል።

የኮሌጅ ዋጋ በየዓመቱ ይጨምራል። ስኮላርሺፑ ግን ብዙ ጊዜ ባለበት ይቆማል። በዓመት 4 በመቶ ይጨምራል ብለን እናስብ። 46,000 በሁለተኛው ዓመት 47,840 ይሆናል፣ በሦስተኛው 49,754፣ በአራተኛው 51,744። ስኮላርሺፑ 41,000 ላይ ከቆመ ጭማሪው በሙሉ የሚያርፈው በማን ላይ ነው? በቤተሰቡ። 5,000 የነበረው 6,840 ይሆናል፣ ቀጥሎ 8,754፣ ቀጥሎ 10,744። አራቱ ሲደመር 31,338 ዶላር። በ20,000 ተነስተህ 31,000 ላይ ትወድቃለህ፣ ያውም የምንዛሬው ጣጣ ሳይነካ። በመቶ ሲታይ ትንሽ ነው፣ 4 በመቶ ማንንም አያስደነግጥም፤ ግን የሚጨምረው በአንተ 5,000 ላይ ሳይሆን በ46,000ው ላይ ነው።

ከዚህ ሌላ ደብዳቤው ላይ ፈጽሞ የማይጻፍ ታክስ አለ። ከስኮላርሺፑ ውስጥ ለትምህርትና ለግዴታ መጽሐፍ የዋለው አይቀረጥም። ለዶርምና ለምግብ የዋለው ግን እንደ ገቢ ይቆጠራል፣ ከውጭ ተማሪ ላይም አብዛኛውን ጊዜ 14 በመቶ ይቆረጣል። አንዳንድ አገሮች ከአሜሪካ ጋር የታክስ ስምምነት ስላላቸው ተማሪዎቻቸው ይድናሉ፣ ኢትዮጵያ ግን የላትም። እኛ ያየነው ኮሌጅ ትምህርቱ 32,000 ነው፣ ስለዚህ ከ41,000ው ውስጥ 9,000ው ወደ ዶርምና ምግብ ይሄዳል። የ9,000 14 በመቶ 1,260 ዶላር። «ፉል ስኮላርሺፕ» ያገኘ ልጅ እንኳ በመጀመሪያው ሴሚስተር ይሄ ቢል ሲመጣበት የተሳሳተ መስሎት ቢሮ ለቢሮ ይንከራተታል።

ሌላው ቅድመ ሁኔታው ነው። ስኮላርሺፑ በውጤት የተሰጠ ከሆነ ብዙ ጊዜ ይህን ያህል ጂፒኤ ካልያዝሽ ይነጠቃል የሚል ዓረፍተ ነገር አለው። 3.0 እና 3.5 በጣም ይለያያሉ። ክፍል ውስጥ አንደኛ የነበረች ልጅ በመጀመሪያው ዓመት፣ በአዲስ ቋንቋ፣ በአዲስ ብርድ፣ 3.5 ይዛ ትቆያለች ብሎ ቤት መሸጥ ቁማር ነው።

ክረምቱንም አስቡት። በሰመር ብዙ ኮሌጆች ዶርም ይዘጋሉ ወይ ለብቻው ያስከፍላሉ። «ትምጣና ከእኛ ጋር ትክረም» እንዳይባል፣ ከሐምሌ 2017 ወዲህ ለኢትዮጵያዊ ተማሪ የሚሰጠው ቪዛ በአብዛኛው ለአንድ ጊዜ መግቢያና ለሦስት ወር ብቻ የሚያገለግል ሆኗል። ከገባች በኋላ ትምህርቷን እስከምትጨርስ መቆየት ትችላለች፣ ይሄ አያሳስብም፤ ግን ለእረፍት ከመጣች ለመመለስ እንደገና ቪዛ ልትጠይቅ ነው። ደንቡ ሊቀየር ይችላል፣ ለጊዜው ግን ለአራት ዓመት እናቷን ላታይ ትችላለች ብሎ መነሳት ነው የሚሻለው። እናትየው ይሄን ስትሰማ ቡናውን አቋርጣ ወጣች።

ገንዘቡን እዚህ ላይ ትቼ ወደ ትምህርቱ ልግባ፣ ምክንያቱም ልጅቷ እስካሁን ምንም አልተናገረችም ነበር፤ ስለ ዶላር ሲወራ ልጅ አይጠየቅም። «አንቺስ ለምንድነው ኢኮኖሚክስ?» አልኳት። ታላቅ እህቷ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ትሰፋ ነበር። ጥር 2022 በፈረንጆቹ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ ስታስወጣ፣ ማለት ያለ ቀረጥ ዕቃ ከማስገባት ዕድል፣ እህትየዋ የሥራ ሰዓቷ ተቀነሰ፣ ከዚያ ሥራው ራሱ ቀረ። «ጋሼ፣ ዋሽንግተን የተፈረመ ወረቀት እንዴት አድርጎ የእኛን ቤት ኪራይ እንደሚነካ ማወቅ ነው የምፈልገው» አለችኝ። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ሰምቼ አላውቅም፣ የእኔን ምክንያት ደግሞ ታውቁታላችሁ።

እንደዚህ ለሚያስብ ልጅ የኮሌጁ ስም ብዙም አይጠቅምም። የዓለም የዩኒቨርሲቲ ደረጃ እየተባለ የሚወጣው ዝርዝር በአብዛኛው የሚለካው የፕሮፌሰሮቹን ምርምር ነው፣ 300 ሰው በሞላበት አዳራሽ አስራ አምስተኛ ረድፍ ላይ የተቀመጠችው የአንደኛ ዓመት ልጅ ምን ታገኛለች የሚለውን አይለካም። መታየት ያለበት የኮርሱ ዝርዝር ነው። የሁሉም ኮሌጅ ኢኮኖሚክስ ከላይ ሲያዩት አንድ ይመስላል፦ መግቢያ ማይክሮ (የሰውና የድርጅት ውሳኔ)፣ መግቢያ ማክሮ (የአገር ኢኮኖሚ)፣ ከዚያ መካከለኛዎቹ፣ ከዚያ ምርጫ። ልዩነቱ ሒሳቡ ላይ ነው። መካከለኛው ማይክሮ ካልኩለስ ይጠይቃል ወይስ አይጠይቅም? ኢኮኖሜትሪክስ ግዴታ ነው ወይስ ምርጫ? ኢኮኖሜትሪክስ ማለት በአጭሩ ከዳታ ውስጥ «ይሄ ነው ያንን ያመጣው» ብሎ ለመናገር የሚያስችል ስታቲስቲክስ ነው፤ የእህቷን ጥያቄ የሚመልሰው እሱ ነው። ግዴታ ያላደረገው ቦታ ኢኮኖሚክስን እንደ ወሬ ነው የሚያስተምረው፣ ይቅርታ ግን እንደዚያ ነው የማየው።

ፒኤችዲ ድረስ እሄዳለሁ ለምትል ልጅ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ማልቲቫሪየብል ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጀብራ፣ ከተቻለ ሪል አናሊሲስ የሚባለው የሒሳብ ኮርስ። የፒኤችዲ መግቢያ ላይ የሚመለከቱት ስንት የኢኮኖሚክስ ኮርስ እንደወሰደች ብቻ አይደለም፣ ሒሳቧን አብዝተው ያያሉ። ትንሹ ኮሌጅ ሒሳብ ክፍሉ ውስጥ እነዚህን ይሰጣል ወይ ብለን አየን፣ ይሰጣል፣ አናሊሲሱ ግን በሁለት ዓመት አንዴ ነው። ይሄን አሁን ማወቅ ነው እንጂ ሦስተኛ ዓመት ላይ ማወቅ ዋጋ የለውም። በዚያ ላይ የኢኮኖሚክስ ክፍሉ ስንት መምህር አለው? አራት ከሆኑና አንዱ ለአንድ ዓመት ምርምር ከወጣ የዚያ ዓመት የንግድ ኢኮኖሚክስ አይከፈትም ማለት ነው።

ግን ትንሽነቱ ጥሩ ጎንም አለው፣ እኔን ያሳመነኝም እሱ ነው። ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፕሮፌሰሩ ዳታ የሚያጸዳለት ሲፈልግ የፒኤችዲ ተማሪ አለው። ትንሹ ኮሌጅ ውስጥ የማስተርስም የፒኤችዲም ተማሪ የለም፣ ስለዚህ የሚይዘው የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመት ልጆችን ነው። ከዚያ የምስክርነት ደብዳቤ ሲያስፈልጋት በስሟ የሚያውቃት፣ ጠዋት ጠዋት ቢሮው ስትመጣ ያያት ሰው ይጽፍላታል። ሰፊው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ጎበዝ የሆነን ልጅ የማስተርስና የፒኤችዲ ኮርስ ውስጥ ገብቶ እንዲቀመጥ ይፈቅዳል፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ 36,000 ዶላር ባይኖርበት እዚያ ሂጂ እላት ነበር።

አንድ ጥቃቅን የሚመስል ነገር ላክል። የአሜሪካ የትምህርት ዘርፎች ሁሉ የኮድ ቁጥር አላቸው። ተራው ኢኮኖሚክስ 45.0601 ነው። «ኢኮኖሜትሪክስና ኳንቲታቲቭ ኢኮኖሚክስ» የሚባለው 45.0603 ነው፣ እሱም ስቴም ውስጥ ይቆጠራል፣ ማለትም ከሳይንስና ምህንድስና ጋር። ልዩነቱ ከምረቃ በኋላ ነው የሚታየው። በተማሪ ቪዛ የተመረቀ ሰው በሙያው 12 ወር እንዲሠራ ይፈቀድለታል፣ ዘርፉ ስቴም ከሆነ ግን እስካሁን ባለው ደንብ 24 ወር ይጨመርለታል። አንድ ዓይነት ኮርስ የወሰዱ ሁለት ልጆች አንዱ ኮሌጁ በጻፈው ኮድ ምክንያት አንድ ዓመት፣ ሌላው ሦስት ዓመት ያገኛሉ። ኮሌጁን በኢሜይል «የኢኮኖሚክስ ዲግሪያችሁ ኮዱ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል፣ ይመልሳሉ።

አሁን የአራተኛው ደብዳቤ ጉዳይ። እስካሁን ወረቀት የለውም፣ ግን አለ፦ እዚሁ መቅረት። የአሜሪካዎቹ መልስ መስጫ ቀን ለአብዛኞቹ ኮሌጆች ሜይ 1 ነው፣ በእኛ ሚያዝያ 23። የእኛ ማትሪክ ደግሞ ክረምት መግቢያ ላይ ነው። ስለዚህ የአገር ቤቱን ምርጫ ሳታዪ ነው የምትወስኚው። ቢሆንም በሒሳቡ ውስጥ መግባት አለበት። ጎበዝ ልጅ ናት፣ ታልፋለች ብለን እናስብ። ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ከቤቷ በባጃጅ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል፣ እሱንም መሞከር ትችላለች። ወጪ መጋራቱ በብር ነው፣ የሚከፈለውም ከተመረቁ በኋላ ነው። የሚያሰጋው ሌላ ነው። ዩኒቨርሲቲ መመደብ ኢኮኖሚክስ መመደብ አይደለም፣ የመጀመሪያው ዓመት ፍሬሽማን ነው፣ ዲፓርትመንት የሚመረጠው ከዚያ ወዲህ በውጤትና በኮታ ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፣ 50 በመቶ ካላመጣህ ዲግሪ የለም።

አሜሪካ ያለ የኢኮኖሚክስ ፒኤችዲ ግን በአብዛኛው ተማሪውን አያስከፍልም፣ ትምህርቱን ሸፍኖ ወርሃዊ መኖሪያም ይሰጣል። እዚህ ጥሩ ሒሳብ ይዛ፣ ጥሩ ውጤት ይዛ የተመረቀች ልጅ ከአራት ዓመት በኋላ በነፃ መሄድ የምትችልበት በር አለ። ጠባብ ነው፣ አልዋሽም። ግን በዓመት 39,000 ከፍሎ ከሚገቡበት ሰፊ በር ጋር ሲወዳደር እኔ ጠባቡን እመርጣለሁ። ከ5,000ዋ ጋር ሲወዳደር ግን ኮሌጁን።

ስለዚህ ያን ማታ የወሰንነው ምርጫውን ሳይሆን ኢሜይሉን ነው። ልጅቷ ጻፈችው፣ እኔ ማንበብ ብቻ። ሦስት ጥያቄ፦ ወጪው ሲጨምር ስኮላርሺፑ አብሮ ይጨምራል ወይ? ለማቆየት ስንት ጂፒኤ ያስፈልጋል? ቪዛ ብከለከል ቦታዬንም ስኮላርሺፑንም ለሚቀጥለው ዓመት ትይዙልኛላችሁ? አራተኛ እኔ አስጨመርኩባት፦ የአባቷ ገቢ በብር እንደሆነና ምንዛሬው ምን እንዳደረገው በሦስት መስመር ጽፋ እርዳታው እንዲታይላት። ብዙ ሰው ይሄን መጠየቅ ልመና ይመስለዋል። አይደለም፣ ለዚሁ የተመደበ ቢሮ አለ፣ «አይሆንም» ቢሉም የተሰጠሽን አይነጥቁሽም። ከተማችን ውስጥ ደግሞ «እኔ አስጨምርልሻለሁ» ብሎ አባትየውን ገንዘብ የጠየቀ ሰው ነበር። ኢሜይል ለመላክ ደላላ አያስፈልግም።

መልሱ በአራተኛው ቀን መጣ። ስኮላርሺፑ በየዓመቱ አይጨምርም፣ ግን በቤተሰብ አቅም የሚሰጥ ክፍል ስላለው በየዓመቱ እንደገና ይታያል። ጂፒኤው 2.75 ነው። ለአንድ ዓመት ማቆየት ይቻላል። ለመጀመሪያው ዓመት 2,500 ዶላር ጨምረዋል። ቦታ ለመያዝ የሚጠየቀውን ዲፖዚትም ትተውላታል፣ ብዙ ኮሌጆች አቅም የሌለው ከጠየቀ ይተዋሉ። አንድ ቦታ ብቻ ነው «እሺ» የሚባለው፣ ለሁለት ኮሌጅ እሺ ብሎ መጠበቅ ከታወቀ ሁለቱንም ሊያሳጣ ይችላል፤ ስለዚህ ለሁለቱ «አመሰግናለሁ፣ አልመጣም» ብላ ጻፈች። ለስመ ጥሩ ስትጽፍ አባትየው ወደ ሌላ ቦታ ያይ ነበር።

የቀረው የቪዛው ነው። ኮሌጁ ለቪዛ የሚያስፈልገውን አይ-20 የሚባል ቅጽ የሚልከው የመጀመሪያው ዓመት ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ በባንክ ወረቀት ሲታየው ነው። ከዚያ 350 ዶላር ለአሜሪካ መንግሥት የውጭ ተማሪዎች መዝገብ፣ 185 ለቪዛ ማመልከቻው፣ ሁለቱም ተከለከልሽም አልተከለከልሽም አይመለሱም። ቃለ መጠይቁ ላይ ብዙ ልጆች ይወድቃሉ፣ ስኮላርሺፕ ይዘውም። ለዚህ ነው ልጅቷን «ማትሪኩን እንዳትተዪው» ያልኳት፣ ምክንያቱም ትምህርት ቤቷ ውስጥ እሷን የመሰለ አንድ ልጅ አምና «እኔ ሄጃለሁ» ብሎ ማጥናት አቁሞ ቪዛውንም ማትሪኩንም አጥቷል።

ትናንት ማታ ደግሞ ደብተር ይዛ መጣች። የአባቷ አይደለም፣ የራሷ ነው። የሒሳብ ጥያቄ ነበር፣ ሁለታችንም እስከ ሦስት ሰዓት ታግለን አልወጣልንም፣ ዛሬ አስተማሪዋን ጠይቃ መልሱን ልትነግረኝ ቀጥራኛለች።